አስራ አራት ስም በአንድ ክር

እኔ ሰውን የማውቀው በክር ነው። እንዲህ ስል ልጄ ትስቃለች፤ ግን እውነቴን ነው። በምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ልክ የምለካው እኔ ነኝ፤ ፊደል ሳልቆጥር አስራ አንድ ዓመት የለካሁት ደግሞ በክር ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ከጥቅሉ ረጅም ክር እቆርጣለሁ። ከክሩ ጫፍ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ትከሻው ነው። ከዚያ ቋጠሮ እስከ ሁለተኛው እጅጌው፣ ቀጥሎ ደረቱ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ መጨረሻ ላይ የሱሪው ርዝመት። ከዚያ ሰውየውን የሚያስታውሰኝን ምልክት ክሩ ጫፍ ላይ እሰፋና ግድግዳው ላይ ካሉት ሚስማሮች በአንዱ አንጠለጥለዋለሁ። ለጥርስ ሐኪሟ ነጭ ቁልፍ፣ ለአትክልተኛው አረንጓዴ ብጣሽ ጨርቅ። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ የአንዱን እጅጌ ለሌላው ሰፍተን አናውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ የጎረቤት ድመት ሁለት ደንበኞች በአፏ ይዛ ጠፍታለች፤ ሁለቱንም ይቅርታ ጠይቄ ደግሜ ለካኋቸው።

አምና ትምህርት ጀመርኩ። አሁን አነባለሁ። ቀስ ብዬ ነው፣ ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ። ክፉ አመሌ መገመት ነው፤ የመጀመሪያዋን ፊደል አይና የቀረውን ከራሴ እጨርሰዋለሁ። አስተማሪያችን ሁልጊዜ «ጣትሽን አትቅደሚው» ትለኛለች። «የተጻፈውን አንብቢ እንጂ ይሆናል ያልሽውን አታንብቢ።»

ልጄ ደግሞ የተማረችው ድረ ገጽ መሥራት ነው። ትምህርቷን ከጨረሰች ሰባት ወር ሆኗት ነበር፤ ሥራ ግን የለም። ቀን ቀን መስኮቱ አጠገብ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ እኔ ደግሞ ሰበብ እየፈለግኩ በበሩ አልፋለሁ።

«እማዬ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም። ውሃ ትጠጪ እንደሆን ብዬ ነው።»

«አሁን አምጥተሽልኝ የለም እንዴ?»

«ይሞቃል ብዬ ነዋ።»

በልጅ መጨነቅ ሥራ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሹመት አግኝቼበት ነበር።

አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ ለአለቃችን ነገርኳቸው። ሦስት ስፌት ቤት ያላቸው ሴት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ንግግራቸው እንደ መርፌ አጭር ነው።

«እትዬ፣ ልጄ የደንበኞቹን ልክ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ የሚይዝ ገጽ ትሠራለች። ሦስቱም ቤት በአንድ ጊዜ ሊያየው ይችላል ትላለች።»

እትዬ በያዙት መርፌ ክር አስገቡ። «የአውቶቡስ ሾፌሮች ደንብ ልብስ ታዟል፤ በዚያ ይሠራ። ካማረ ለሦስቱም ቤት ትሥራልኝ፣ ቋሚ አደርጋታለሁ። ካላማረ ምስጋናዬ ይድረሳት።»

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ይሁን በክንፌ አላውቅም።

ልጄ በማግስቱ ጀመረች። እኔ ድንች እየላጥኩ እሷ ታስረዳኛለች።

«እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ኦብጀክት ይሆናል።»

«ምን ይሆናል?»

«እንደ አንድ ዕቃ አስቢው። ውስጡ መረጃ አለ። ስሙ፣ ስልኩ፣ የጨርቁ ዓይነት፣ ልኩ። ልኩን ስትከፍቺው ደግሞ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ደረት…»

«ታዲያ ክር ነዋ!»

ጣቷን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያም ሳቀች። «አዎ እማዬ፣ ክር ነው። ያንቺው ክር ነው። እኔ የምሠራልሽ ግድግዳውን ነው።»

ገጹ ሲያልቅ ሞከርኩት። አንድ ሰው ለማስገባት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ፊደል ፍለጋ ቁልፎቹ ላይ ስዞር ምስር ውስጥ ድንጋይ የምለቅም ነው የምመስለው። ሾፌሮቹ አስራ አራት ናቸው።

«ልጄ፣ የሁሉም ጨርቅ አንድ፣ ቀለም አንድ፣ ኪስ አንድ። ያንኑ አስራ አራት ጊዜ ከምጽፍ የአንዱን ወስጄ የተለየውን ብቻ የምቀይርበት መላ የለውም?»

«መላ አይጠፋም» አለችና ከሰዓት በኋላ አዲስ ቁልፍ አስገባችልኝ። ላዩ ላይ «ቅዳ» ይላል። እሱን ስነካው የፊተኛው ሰው ካርድ እንዳለ በአዲስ ካርድ ይመጣል፤ ስሙን፣ ስልኩንና ልኩን እቀይራለሁ፣ አለቀ። ግማሽ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ሆነ። «ይኼ ላንቺ ብዬ የሠራሁት ነው» አለችኝ፤ ልቤ ሞቀ።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ለመነችኝ። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ክር ይቅር። እናቷ ያላመነችውን ገጽ እኛ እንዴት እንመን እንዳይሉኝ።»

«እሺ የኔ እናት» አልኳት። እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር። እጄ ግን አልሰማም።

ማክሰኞ ሾፌሮቹ እየተሳሳቁ መጡ። የመጀመሪያው ዘንግ የሚሉት ነበር። ትከሻው ላይ ለመድረስ በርጩማ ላይ ወጣሁ። «ወንድሜ፣ ይሄ እጅጌ ነው ወይስ መንገድ?» ብለው ጓደኞቹ አንድ ላይ አሽካኩ። የመጨረሻው በርሜል የሚባለው ነበር፤ አጭር፣ ክብ፣ ሳቂታ። ሜትሬ ወገቡን ዞሮ ሊገናኝ ሲል «እህቴ፣ አይዞሽ፣ ደርሰሻል» እያለ ያበረታታኝ ነበር። አንዱን ለክቼ አስገባለሁ፣ «ቅዳ» እላለሁ፣ ቀጣዩን ለክቼ እቀይራለሁ። ከዚያ ሰውየው ጫማውን እስኪያስር ከመጋረጃው ጀርባ ገባ ብዬ ክር እቆርጥና እቋጥራለሁ። ክሮቹን ቁልፍ የምናስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ፤ ቆርቆሮውን ከስፌት መኪናዬ ሥር፣ ከእግር መርገጫው ኋላ ገፋሁት። የሰረቅኩ ያህል ፊቴ ተቃጠለ።

ረቡዕ ልጄ ዝርዝሩን ከፈተችው። አስራ አራት ስም፣ አስራ አራት ስልክ፣ ሁሉም በቦታው። «አየሽ!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ሾፌሮቹ በዚያው ቀን ወደ ረጅም መንገድ ወጡ፤ እስከ አስር ቀን አይመለሱም።

ዓርብ ጠዋት የመቁረጫ ቀን ነበር። አራት ሰዓት ላይ እትዬ የሾፌሮቹን አለቃ ይዘው ገጹን ሊያዩ ይመጣሉ። ልጄ የተተኮሰ ሸሚዟን ለብሳ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ስክሪኑን ታዘጋጃለች። እኔ ኋላ፣ ትልቁ ጠረጴዛ ዘንድ ነኝ፣ ከጨርቅ ቆራጫችን ከጋሽ መቀስ ጋር። ጋሽ መቀስ ሠላሳ ዓመት የቆረጡ ሰው ናቸው፤ የሚፈሩት ነገር ቢኖር መቀሳቸውን ለወረቀት የሚወስድባቸውን ሰው ብቻ ነው።

«ነይ» አሉኝ። «የኔ መነጽር ጡረታ ወጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እቆርጣለሁ።»

በሥራ ቦታ ጮክ ብዬ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። የዘንግን ካርድ ከፍቼ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አደረግኩ።

«ትከሻ… ሃምሳ። እጅጌ… ሃምሳ ስድስት። ደረት… መቶ አስራ ስድስት። ወገብ… መቶ አስራ ስምንት። ሱሪ… ዘጠና ሁለት።»

«ጎበዝ!» ጠመኔያቸው ጥቁር ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ሄደ። «ቀጥይ።»

ሁለተኛውን ከፈትኩ። «ትከሻ፣ ሃምሳ። እጅጌ፣ ሃምሳ ስድስት…»

ሦስተኛውን ከፈትኩ። ትከሻ፣ ሃምሳ።

ጋሽ መቀስ ቀና አሉ። «እነዚህ ሰዎች መንታ ናቸው እንዴ?»

አመሌ ተነሳብኝ ብዬ አሰብኩ፤ ያየሁትን ሳይሆን አፌ የለመደውን እያነበብኩ ነው። ይኸው፣ አንድ ዓመት ተምሬ ሦስተኛው ሰው ላይ ተገለጥኩ። ወደ ዘንግ ተመለስኩ። ጣቴን ቁጥሩ ሥር አድርጌ እንደ ሕፃን አንድ በአንድ አነበብኩ። ሃምሳ። ሃምሳ ስድስት። መቶ አስራ ስድስት።

«አይዞሽ» አሉ ጋሽ መቀስ በደግነት። «ዓይን ነው። ሲለምድ ይስተካከላል። የመጀመሪያውን ልቁረጥ፣ እስከዚያ ተረጋጊ።» መቀሳቸውን አነሱ።

ጨርቁ ላይ የተሳለውን ሱሪ አየሁት። ወገቡ ሰፊ፣ እግሩ አጭር። ዘንግ በዚያ ሱሪ ቢገባ ወገቡ ላይ ሁለት ሰው ይጨምርና ቁርጭምጭሚቱ ግን ብርድ ይመታዋል። በርጩማ ላይ የወጣሁበት ሰውዬ! እጄ ያውቀዋል። ዓይኔ ቢያሳስተኝ እጄ አያሳስተኝም። ደግሞም ዓይኔ አላሳሳተኝም፤ ሁለት ጊዜ፣ ጣቴን ሳልቀድም አንብቤዋለሁ።

«አይቆረጥም!» ብዬ መዳፌን ጨርቁ ላይ ጣልኩት።

«አንቺ ሴት! ጣትሽን ልቆርጠው ነበርኮ!»

«ይቆረጥ! ጨርቁ ግን አይቆረጥም። እኔ ያነበብኩት ልክ ነው። የተጻፈው ነው ስህተቱ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ እናገረዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ልጄ ጩኸት ሰምታ ሮጣ መጣች። ነገርኳት። ዘንግን ከፈተች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እስከ መጨረሻው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሁሉም የበርሜል ልክ ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። «ስሙን ብቻ ነበር ያየሁት። ልኩን አልከፈትኩትም።»

«የሌሎቹ የት ሄደ?»

«የትም የለም እማዬ። ቀጣዩን ባስገባሽ ቁጥር የፊተኛው እየጠፋ ነው የመጣው።» ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። «ሾፌሮቹም የሉም።»

ጋሽ መቀስ ጉሮሯቸውን አጸዱ። «እኔ ምንም አላየሁም። እትዬ ሲመጡ መቀሴ ዶለዶመ እላለሁ። በሠላሳ ዓመት አንዴ ቢዶለዱም ማን ይፈርድበታል?»

ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ስክሪኑን ታያለች። ሰባት ወር መስኮት ሥር የተቀመጠችው ልጄ ናት። መናገር ነበረብኝ። ክሩን ባወጣ አላመንሽኝም ልትለኝ ነው፤ ባላወጣ ደግሞ ሥራዋ በዓይኔ ፊት ሊሄድ ነው። ተንበረከኩ፣ ከመኪናዬ ሥር እጄን ሰድጄ ቆርቆሮውን ጎተትኩት፣ ከፊቷ አስቀምጬ ክዳኑን አነሳሁ።

ጎንበስ ብላ አየችው። «ክር?»

«ክር።»

«ስንት ነው?»

«አስራ አራት።»

«እሺ ብለሽኝ ነበርኮ።»

«ብዬሽ ነበር።»

«አላመንሽኝም ማለት ነው።»

«አንቺንማ አምኛለሁ» አልኳት። «ያላመንኩት ንባቤን ነው። ዘጠኙን ስድስት ብዬ አስገብቼ ሥራሽን ባበላሽብሽስ ብዬ ነው። ከጠፋ በኔ እንዳይጠፋ ነው።»

ልጄ በዚያ በተተኮሰ ሸሚዟ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ታለቅስ ይሆን ብዬ ስጠጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ለካ እየሳቀች ነው። ዓይኗ ግን እርጥብ ነው፤ ሁለቱም ነበር መሰለኝ።

«ምን ሆኖ ነው ግን?» አልኳት። «እኔ የነካሁት ነገር አለ?»

«አንቺ ምንም አልነካሽ።» የዘንግን ክር አነሳች፤ ምልክቱ በነጭ ክር የተሰፋ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የበርሜልን ምልክት፣ ክብ የሆነውን፣ ከዚያው ክር ጫፍ አጠገብ ያዘችው። «‹ቅዳ› ስትዪው ምልክቱን በደንብ ይቀዳዋል። ስሙ አዲስ፣ ስልኩ አዲስ። ልኩ ግን ከውስጥ ያለ ሌላ ዕቃ ነው። ለሱ አዲስ ክር አልቆረጠለትም። ያንኑ የፊተኛውን ክር ነው የያዘው። ስለዚህ በርሜልን ስትቋጥሪ የሁሉም ተቋጠረ።»

«አስራ አራት ምልክት በአንድ ክር ላይ ሰፋሽ በይኛ!»

«ሰፋሁ።»

«እኔኮ እንኳን አስራ አራት፣ ባልና ሚስት እንኳ በአንድ ክር አንጠልጥዬ አላውቅም።»

«ድመቷ እንኳ» አሉ ጋሽ መቀስ ጠመኔውን እያራገፉ፣ «ሁለት ሰው ስትሰርቅ ሁለት ክር ነው የወሰደችው።»

ከዚህ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም፤ ሥራ ነበር። ልጄ ኮምፒውተሯን ወለሉ ላይ አድርጋ ጻፈች። ብዙ አልጻፈችም፤ ሁለት መስመር ናት። «ሲቀዳ ለልኩም አዲስ ክር ቁረጥ አልኩት» አለችኝ። የበርሜልን ካርድ ቀድታ የቅጂውን እጅጌ ወደ አንድ ሜትር ቀየረችው፤ የበርሜል ሃምሳ ስድስት ንቅንቅ አላለም። ሌላ ቀዳች፣ ሌላ ቀየረች። አሁንም አልተነቃነቀም። «ሦስተኛም ሞክሪ» አልኳት፤ ሞከረች።

ከዚያ እኔ ክሩን በሜትሩ ላይ እዘረጋለሁ፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ አነባለሁ፣ እሷ ታስገባለች። ጋሽ መቀስ የበርሜልን ሱሪዎች በብሩሽ ያጠፋሉ። መጨረሻ ላይ ቦታ ተለዋወጥን፤ እሷ ክሩን በሜትር ያዘች፣ እኔ ከስክሪኑ አነበብኩ። የዘንግ እጅጌ ሰባ አንድ። «ሰባ አንድ» አለች ከክሩ። ጣቴን ሳልቀድም አስራ አራቱንም አነበብኩ። ስጨርስ ለአራት ሰዓት አስር ጉዳይ ነበር።

እትዬ በሰዓታቸው መጡ፣ የሾፌሮቹን አለቃ አስከትለው። ጋሽ መቀስ ዓይናቸውን ጠቀሱኝ፤ ነገሩ አልፏል ማለታቸው ነው። እኔም እግዜር ይመስገን ብዬ ትንፋሼን ልለቅ ስል ልጄ አፏን ከፈተች።

«እትዬ፣ ገጹን ከማየትዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት።»

የልብሴን ጫፍ ጨበጥኩ። ተይ የኔ ልጅ፣ ተይ፣ እያልኩ በሆዴ ለመንኳት። እሷ ግን አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ የቅጂውን ነገር፣ ስም ብቻ አይታ ማለፏን፣ ክሩን።

የሾፌሮቹ አለቃ ጺማቸውን አሻሹ። እትዬ ወደ ጠረጴዛው ሄደው ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ብሩሹ ያልጨረሰው ጠመኔ በስሱ ይታያል።

«ተቆርጧል?»

«አልተቆረጠም» አሉ ጋሽ መቀስ።

«ማነው ያስቆመው?»

ጋሽ መቀስ በመቀሳቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

እትዬ ወደ ልጄ ዞሩ። «እንደገና ይበላሻል?»

«ይኼኛው አይበላሽም።» እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! «ሌላ ነገር ግን ሊበላሽ ይችላል። አሁን ከመስጠቴ በፊት እያንዳንዱን ከፍቼ ነው የማየው።»

እትዬ ከጣታቸው ላይ ጠመኔውን አራገፉ።

«ታዲያ ሲበላሽ ማን ሊያስተካክለው ነው?» አሉ እትዬ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ግቢ። ከመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ይሰጡሽ።»

«እትዬ…» አለች ልጄ።

እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረዋል። ቆርቆሮውን ከእግሬ ሥር አዩት። እኔም ፈጠን ብዬ «እጥለዋለሁ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ክሩን።»

«አበድሽ እንዴ? ሚስማሩ ላይ መልሺው።»

ሰኞ ልጄ ከእኔ መኪና ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀመጠች። ጋሽ መቀስ ሁለተኛውን ጥቅል ጨርቅ ዘርግተው «አንባቢዬ የት አለች?» ብለው ተጣሩ። የዘንግን ካርድ ከፈትኩ፤ ሸሚዙን ቆርጠዋል፣ ሱሪው ቀርቷል። «ሱሪ፣ መቶ አስራ ሁለት» አልኳቸው። ልዘጋው ስል ከሱሪው ሥር ዓርብ ያልነበረች አንዲት መስመር አየሁ። የመጀመሪያዋን ፊደል ሳይ አመሌ መጣ፤ ልገምት ነበር። ተውኩትና ጣቴን አስቀምጬ እስከ መጨረሻው አነበብኳት።

«ክር፦ ሚስማር ስድስት።»

ቀና ብዬ ግድግዳውን ቆጠርኩ። ስድስተኛው ሚስማር ላይ ያ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ተንጠልጥሏል። ሁለተኛውን ካርድ ከፈትኩ፣ ሦስተኛውን ከፈትኩ፤ ሁሉም የየራሱ ሚስማር አለው። ወደ ልጄ ዞርኩ። ያላየች መስላ ቁልፎቹን ትመታለች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

ጣቴን ከስክሪኑ አነሳሁ።

«ውሃ ላምጣልሽ?» አልኳት።

«እማዬ፣ ይሄ ሦስተኛው ብርጭቆ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «እሺ፣ አምጪው።»